ከሰርግ ቀረጻ ወደ ሙሉ ርዝመት ፊልም፦ ቀረጻ ሳይጀመር ምን ላስተካክል?

ብርሃን_ዘአዲስ

ሰላም ባለሙያዎች። እስካሁን ሰርግና ማስታወቂያ ነው የምቀርጸው፤ አሁን የአንድ ሙሉ ርዝመት ፊልም ሲኒማቶግራፈር እንድሆን ተጠይቄያለሁ። ያለው ነገር ይህን ይመስላል፦

ካሜራ፦ ሶኒ ኤፍኤክስ 3፤ 35፣ 50 እና 85 ሚሊ ሜትር ሌንሶች። መብራት፦ ባለ 300 ዋት ኤልኢዲ ሁለት፣ በባትሪ የሚሠሩ ቲዩቦች አራት። ቦታ፦ አዲስ አበባ፤ ግማሹ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ቀሪው ደጅ። የለቅሶና የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትዕይንቶች አሉ፤ ነጭ ነጠላና ጋቢ፣ ጥቁር የሐዘን ልብስ ይበዛል። ለቀረጻው 20 ቀን ተይዟል። ፊልሙ መጀመሪያ ሲኒማ ቤት፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥንና ዩቲዩብ ይገባል።

ፕሮዲውሰሩ «ትልቅ ካሜራ እንከራይ» እያለ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው።

ሀ. በሴኮንድ 24 ነው 25 ፍሬም (ምስል)?
ለ. ጠይም ፊትና ነጭ ልብስ አንድ ሾት ውስጥ ሲገቡ በኤስ ሎግ 3 (ኋላ ቀለሙ እንዲስተካከል ምስሉን አደብዝዞ የሚቀርጸው የሶኒ አሠራር) ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን፣ በየትኛው ልያዝ?
ሐ. ስንት ሃርድ ዲስክ ይበቃል፤ ካርዱንስ ማን ይገልብጥ?
መ. ውሉ ላይ ምን ካልሰፈረ ነው ኋላ ጣጣ የሚያመጣው?

ጥላ_ቆጣሪ

እህቴ፣ ካሜራው ይበቃሻል። ለኪራይ የታሰበው ገንዘብ ለሁለት ሰው ይዋል፦ የሌንሱን ጥራት ለሚከታተለው ፎከስ ፑለርና ለመብራት ኃላፊው ጋፈር። ከሰርግ የመጣ ሰው ሁሉንም ብቻውን መሥራት ለምዷል፤ ፊልም ላይ መጀመሪያ የሚጎዳው ይህ ልማድ ነው።

ቁጥሩን እዪው። በ50 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 2 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ተዋናዩ 2 ሜትር ላይ ሲቆም ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ85፣ በኤፍ 1.4፣ በ1.5 ሜትር ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። በስልክ ያልታየው ብዥታ ትልቅ ስክሪን ላይ አይደበቅም። አውቶ ፎከሱ ፊት በመከተል ጎበዝ ነው፤ የማንን ፊት መከተል እንዳለበት ግን አያውቅም፤ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ከፊት ያለው ዞር ባለ ቁጥር ወደ ኋለኛው ይዘላል። ስለዚህ ንግግር ያለበትን ሾት በኤፍ 2.8 እና በኤፍ 4 መካከል ያዢ። ከኤፍ 2 ወደ ኤፍ 4 ለመሄድ አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ጋፈሩ የሚያስፈልግሽ እዚህ ላይ ነው።

ፍሬም። የአገራችን መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከሶኬት የሚሠራ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፤ ዓይን ባያየውም ካሜራ ያየዋል። በ24 ፍሬም ሻተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 180 ዲግሪ ብታደርጊው 1/48 ሴኮንድ ይሆናል፤ ከምቱ ጋር ስለማይገጥም ግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ የሚንከባለል ጥላ ያመጣል። 172.8 ዲግሪ፣ ማለትም 1/50 አድርጊው፤ ያልቃል። 24ን የምመርጠው ለሲኒማ ቤት ነው፤ ወደ ቴሌቪዥን ሲሄድ በ4 በመቶ አፍጥኖ 25 ማድረግ የአውሮፓ ጣቢያዎች ለዘመናት የኖሩበት አሠራር ነው። ስሎው ሞሽን ከፈለግሽ 50 ፍሬም በ1/100 ደህና ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ፊትና ነጠላ። በኤስ ሎግ 3 የ18 በመቶ ግራጫ ካርድ ዌቭፎርም (የምስሉን ድምቀት በቁጥር የሚያሳየው መለኪያ) ላይ 41 አካባቢ ይቀመጣል፤ 90 በመቶ ነጭ 61፤ ጣሪያው 94 ነው። ከግራጫው እስከ ነጠላው ያለው ርቀት ሁለት ስቶፕ ከሲሶ ገደማ (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው) ሲሆን፣ ከነጠላው እስከ ጣሪያው ደግሞ ከሦስት ስቶፕ ተኩል በላይ ይተርፋል። እንግዲህ ፊቱና ነጠላው አንድ ብርሃን ሥር ካሉ ነጠላው አይቃጠልም፤ ሰው በከንቱ ይፈራዋል። የሚቃጠለው ነጠላው ፀሐይ መትቶት ፊቱ ጥላ ውስጥ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ በመካከላቸው ሌላ ሦስትና አራት ስቶፕ ይጨመራል፤ የትኛውም ካሜራ አይታደግሽም። መፍትሔው ፀሐዩን በጨርቅ መጋረድ ወይም ተዋናዩን ማዞር ነው።

ፊቱን ግራጫ ካርዱ ያለበት 41 ላይ አታድርሺው፤ ጠይም ፊት እዚያ ሲወጣ አመድ ይመስላል። ብርሃን የሚመታው ጉንጭ ከግራጫው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ይውረድ፤ ዌቭፎርሙ ላይ ከ32 እስከ 28 ማለት ነው። ቤት ውስጥ በ400 ኢአይ፣ ማለትም ብርሃን ለመለካት ብቻ በሚያዝ የትብነት ቁጥር፣ ብትሠሪ (የካሜራው መነሻ 800 እንዳለ) ሁሉም በአንድ ስቶፕ ከፍ ብሎ ይቀረጻል፤ ያው ፊት ከ41 እስከ 36 ይነበባል፤ ጥላው ከኖይዝ (ከሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች) ይጸዳል፤ ኋላ በግሬዲንግ (በቀለም ማስተካከሉ ሥራ) ይወርዳል። በአውቶ ኤክስፖዠር ግን በጭራሽ። ነጠላው ፍሬሙን በሞላ ቁጥር ካሜራው ደንግጦ ፊቱን ያጨልመዋል።

ብርሃኑን ማስፋት እንጂ ማብዛት አይደለም የሚያምረው። ጠቆር ያለ ቆዳ የሚታየው በላዩ ላይ በሚያርፈው ነጸብራቅ ነው፤ ምንጩ ትንሽ ከሆነ ግንባር ላይ ላብ የመሰለ ነጥብ ይሠራል፣ ሰፊ ከሆነ ግን ጉንጩን በሙሉ ያለሰልሰዋል። 2 ሜትር በ2 ሜትር የእንጨት ፍሬም ላይ አቡጀዲ ወጥሪ። ኤልኢዲውን ጨርቁን በሙሉ እስኪሞላው አርቂው፤ ጨርቁን ግን ፍሬም ውስጥ እስካልገባ ድረስ ወደ ተዋናዩ አቅርቢው፤ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ይምጣ። አቡጀዲ ብርሃን ይበላል፣ ያልነጣው ደግሞ ቀለሙን ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ዋይት ባላንሱን ጨርቁ ከተሰቀለ በኋላ ያዢና ቆልፊው። ነጠላው ካስቸገረ ከመብራቱ በታች ጥቁር መረብ ጨርቅ አግድም አስገቢ፤ ከደረት በታች ያለው ብርሃን ብቻ ይቀንሳል።

ደጅ ስትወጪ ሰዓቱን አስቢበት። ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው የአዲስ አበባ ፀሐይ ከአናት ስለሆነ የዓይን ጉድጓድ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ለቤት ውስጥ ወይም ለሩቅ ሾት አውዪው። ፀሐይ ከገባች በኋላ የሚቀረው ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍ፤ ለአንድ የካሜራ አቀማመጥ ነው የሚበቃው። ዳይሬክተሩ በዚያ ሰዓት ሦስት ገጽ ስክሪፕት ቢያስገባ አስወጪው።

ከሜሪላንድ

ጥላ_ቆጣሪ ባለው ላይ አንድ እርማት። ሶኒው ኤንቲኤስሲ እና ፓል የሚል ምርጫ (የአሜሪካና የአውሮፓ የቴሌቪዥን ደንብ) አለው። 25፣ 50 እና 100 ፍሬም የሚታዩት ፓል ላይ ነው፤ 24ን ለማግኘት ኤንቲኤስሲ ላይ መሆን አለብሽ፤ እዚያ ደግሞ ስሎው ሞሽኑ 60 እና 120 ነው። ስለዚህ በ24 እየሠራሽ «50 ፍሬም በ1/100» አታገኚም። 60 ፍሬም ምረጪና ሻተሩን በልማድ 1/120 ሳይሆን 1/100 ላይ አድርጊ፤ በአገር ቤት አምፖል ሥርም ንጹሕ ይወጣል። 120 ፍሬም ግን ሻተሩ ከ1/120 ሊረዝም ስለማይችል ከሶኬት አምፖል ሥር መብለጭለጩ አይቀርም፤ በቀን ብርሃን ወይም በማይርገበገብ ኤልኢዲ ብቻ።

እዚህ አሜሪካ መስመሩ 60 ኸርዝ ስለሆነ 1/60 እና 1/120 የለመደ እጅ አዲስ አበባ ሲያርፍ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ ካሜራ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ 24 የሚለው 23.98 ይሁን ትክክለኛ 24 ሁለቱም ላይ አረጋግጪ። ከተደባለቁ ኤዲቲንግ ላይ ወይ ፍሬም ይደገማል ወይ ድምፁ ይንሸራተታል። ምርጫውን ከቀየርሽ በኋላ ካርዱ እንደገና ፎርማት ይፈልግ ይሆናል፤ የተቀረጸ ካርድ ውስጡ እያለ አትቀይሪ።

ዳታ_ጠባቂ

ስለ ሐ ልመልስ፤ አጭር ሒሳብ ነው።

ኤፍኤክስ 3 በኤክስኤቪሲ ኤስ አይ የፋይል ዓይነት፣ በ4ኬ፣ በ24 ፍሬም በሴኮንድ 240 ሜጋቢት ይጽፋል፤ በ25 ደግሞ 250። ይህ በሰዓት ከ108 እስከ 113 ጊጋባይት ነው። በቀን ሰዓት ተኩል ቀረጻ ብንይዝ በ20 ቀን 3.4 ቴራባይት አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ሦስት፦ አንዱ ለኤዲተሩ፣ አንዱ ፕሮዲውሰሩ ቤት፣ አንዱ ሌላ ሰፈር። ሦስቱን በአንድ ቦርሳ የሚያዞር ሰው አንድ ቅጂ ብቻ እንዳለው ይቁጠረው።

ካርድ ስትገዢ ቪ30 የሚል ጽሑፍ በሴኮንድ 30 ሜጋባይት ብቻ ነው ዋስትና የሚሰጠው፤ 250 ሜጋቢት ደግሞ 31 ሜጋባይት ይጠይቃል። ለጥቂቱ ያቅተዋል፤ «ሠርቶልኝ ነበር» የሚልሽ ሰው ካርዱ ባዶ እያለ ነው የሞከረው። ቪ90 ወይም ሲኤፍኤክስፕረስ ታይፕ ኤ ውሰጂ።

ከሁሉ የባሰው አደጋ ስም ነው። ካሜራው ፋይሉን ሲ0001፣ ሲ0002 እያለ ይሰይማል፤ የፋይል ቁጥሩ ሪሴት ላይ ከተተወ በፎርማት ቁጥር ከ1 ይጀምራል። የጠዋቱና የከሰዓቱ ካርድ ተመሳሳይ ስም ይይዛሉ፤ ገልባጩ ደክሞት «ተካ» የሚለውን ሲጫን የጠዋቱ ትዕይንት ሄደ ማለት ነው። ሜኑ ውስጥ የፋይል ቁጥሩን ሲሪስ፣ የስሙን አጻጻፍ ቀንና ርዕስ እንዲል አድርጊ፤ ለየካሜራው የተለያየ ርዕስ ስጪ። ከካርዱም ቪዲዮውን ብቻ እየመረጡ አይወሰድም፤ ፕራይቬት የሚለው ፎልደር እንዳለ፣ ከነኤክስኤምኤል ፋይሎቹ፣ በቀንና በካርድ ቁጥር በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ይግባ።

በተራ ኮፒ ፔስት አይደለም የሚገለበጠው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ሚዲያ ገጹ ላይ ክሎን ቱል አለው፤ ነጻ ነው፣ በቼክሰም (ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን በሚፈትሽ ቁጥር) እያረጋገጠ በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት ዲስክ ይጽፋል። 160 ጊጋባይት ካርድ በሴኮንድ 120 ሜጋባይት በሚሄድ ተራ ዲስክ 22 ደቂቃ ይፈጃል፣ ማረጋገጡ ሲጨመር እጥፍ ገደማ። ይህ የቀረጻ ዕቅዱ ውስጥ ካልተቆጠረ ካርድ አልቆ ሁሉም ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ መብራት በግልበጣ መሃል ሲሄድ ዲስኩ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። የተረጋገጡ ሁለት ቅጂዎች ሳይኖሩ ካርድ ፎርማት አይደረግም፤ ፎርማቱም ካሜራው ውስጥ ነው እንጂ ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ያለቀ ካርድ ቀይ ፕላስተር፣ የተገለበጠ አረንጓዴ፤ ፕላስተሩን የሚቀይረው አንድ ሰው ብቻ።

ማን ይሥራው? አንቺ አይደለሽም። የካሜራ ረዳቱም አይደለም፤ እሱ ካሜራው ጋ ነው የሚፈለገው። ለግልበጣ ብቻ የተመደበ ሌላ ሰው ይሁን።

ቀለም_ቤት

እኔ 25 ነው የምለው፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ፊልሙ እዚሁ አገር ሲኒማ፣ ቴሌቪዥንና ዩቲዩብ ብቻ ከሆነ በ25 እና በ1/50 የሚያስጨንቅ ነገር የለም፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችንም በ25 ዓለም ውስጥ ናቸው። ፌስቲቫል ካሰባችሁ ግን ጥላ_ቆጣሪ ልክ ነው፣ 24። ዲሲፒ የሚባለው የሲኒማ ቤት ፓኬጅ 25ን የሚቀበለው በኤስኤምፒቲኢ ደንብ ሲሠራ ነው፤ ኢንተርኦፕ በሚባለው አሮጌ ዓይነት ዋስትና የለውም። በ25 የተቀረጸን 90 ደቂቃ ወደ 24 ስታወርጂው 93 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ይሆናል፤ የድምፁ ቅጥነትም ካልተስተካከለ ይወፍራል። ስለዚህ ፕሮዲውሰሩ የት እንደሚሸጠው አሁን ይወስን፤ ቀረጻ ከተጀመረ በኋላ የሚቀየር ነገር አይደለም።

ደግሞ ከፕሮዲውሰሩ ይልቅ የአዳራሹን ፕሮጀክተር ሠራተኛ አነጋግሪ። የዲሲፒ ሰርቨር አላቸው ወይስ ከላፕቶፕ ፋይል ነው የሚያሳዩት? ለስክሪናቸው የሚስማማው ፍላት ነው ወይስ ይበልጥ ሰፋ ያለው የምስል ቅርጽ፣ ስኮፕ? ፍላት በ2ኬ 1998 በ1080 ነው፤ ስኮፕ 2048 በ858። በካሜራሽ 3840 በ2160 ላይ የስኮፕ መስመር ካደረግሽ ከቁመቱ የሚቀርሽ 1607 ነው፤ መስመሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሞኒተሩ ላይ አብሪ። ኋላ እንቆርጠዋለን ካላችሁ አናት የተቆረጠባቸው ተዋንያን ይዛችሁ ትመጣላችሁ።

ዲሲፒውን በዲሲፒ ኦ ማቲክ በነጻ መሥራት ይቻላል። ምስሉ በጄፔግ 2000 ነው የሚጨመቀው፣ ጣሪያው በሴኮንድ 250 ሜጋቢት ነው፤ 90 ደቂቃ እስከ 169 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። ፋት 32 በሆነ ፍላሽ አይገባም፣ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልምና፤ ዲስኩን ኢኤክስቲ 3 አድርጊው። ድምፁ 5.1 ይሁን፣ ንግግሩ መሃለኛው ስፒከር ላይ። ስቴሪዮውን ግራና ቀኝ ብቻ ከጣልሽው ዳር የተቀመጠ ሰው ንግግሩን ከአንድ ግድግዳ ነው የሚሰማው።

ለሲኒማቶግራፈር ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። የቢሮ ሞኒተር 100 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ) ላይ ነው የሚሠራው፣ ከዚያም በላይ የሚያበሩ አሉ። የሲኒማ ስክሪን በደንቡ 48 ኒት ነው፤ መብራቱ ባረጀ ፕሮጀክተር ከዚያም ያንሳል። የሌሊት ትዕይንት ሞኒተር ላይ «ደስ የሚል ጨለማ» የነበረው አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሌሊትን የሚሠራው ንጽጽር ነው፦ ከኋላ መስኮት ወይም የመንገድ መብራት የመሰለ ደማቅ ነገር፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ከግራጫው ከሁለት ስቶፕ በላይ የማይወርድ ጎን። ለሌሊት ሁለተኛውን የአይኤስኦ (የብርሃን ትብነት) መነሻ፣ 12800ን ተጠቀሚ፤ ከ800 አራት ስቶፕ ይርቃል። በ800 መነሻ አይኤስኦውን እየገፉ 6400 ማድረስ ከ12800 የባሰ ኖይዝ ያመጣል፤ ግራ ያጋባል እንጂ እውነት ነው።

ቀረጻ ሳይጀመር አንድ ቀን ለሙከራ አስፈቅጂ። ዋናዎቹ ተዋንያን በሜካፕ፣ በእውነተኛው ነጠላና በእውነተኛው ጥቁር ልብስ፣ በእውነተኛው ክፍል። ፊቱን ከግራጫው በታች በግማሽ ስቶፕ፣ በአንድ፣ በአንድ ተኩል፣ በሁለት እያወረድሽ ቅረጪ፤ በ800 እና በ400 ኢአይ ድገሚው። ከዚያ ግሬዲንግ የሚሠራው ሰው አስተካክሎት አምስት ደቂቃ ዲሲፒ ይሁንና በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ፕሮጀክተር እዪው። የትኛው ፊት ስክሪን ላይ እንደሚያምር ዳይሬክተሩም ስለሚያይ ቀረጻ ላይ «አብሪልኝ፣ አጨልሚልኝ» የሚል ክርክር አይኖርም። ከሙከራው የሚወጣውን ለት (የቀለም ማስተካከያ ፋይል) ሞኒተሩ ላይ ጫኚው፤ ፋይሉ ላይ አብሮ እንዳይቀረጽ ግን ሜኑውን አረጋግጪ።

መለኪያ

ውልን በተመለከተ። አንዱ ቁልፍ ነገር የሙያ ክፍያሽንና የዕቃ ኪራይሽን በሁለት መስመር መለየት ነው። «ካሜራውም አንቺም» ተብሎ አንድ ላይ ከተጻፈ ቀረጻው አምስት ቀን ሲራዘም ካሜራሽ በነጻ ሠራ ማለት ነው። ዕቃው ቢሰበር ማን እንደሚከፍልም እዚያው ይጻፍ፤ የሌንሱና የካሜራው መለያ ቁጥር በአባሪ ይግባ።

ክፍያው ከቀረጻ ደረጃዎች ጋር ይታሰር፦ ሲፈረም፣ የመጀመሪያው ቀን፣ ቀረጻው አጋማሽ፣ የመጨረሻው ቀን። «ፊልሙ ሲታይ» የሚለው ቃል አይፈረምበትም፤ መቼ እንደሚታይ የምትወስኚው አንቺ አይደለሽምና። የሥራው ቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከዚያ ሲያልፍ በሰዓት ስንት እንደሚጨመር፣ ሌሊት ከተሠራ ማግሥቱ በስንት ሰዓት እንደሚጀመርም አስጽፊ። የሎኬሽን ጉብኝትና የሙከራ ቀን የሚከፈልባቸው ቀኖች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚረሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ግሬዲንግ ላይ የመገኘት መብት፣ ቢያንስ ለተወሰኑ ቀናት፤ አለበለዚያ በ400 ኢአይ ሆን ተብሎ ከፍ ብሎ የተቀረጸውን የማያውቅ ሰው እንደነጣ ይተወዋል። ሁለተኛው ፊልሙ ከወጣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለሪልሽ (ለሥራ ናሙና ቪዲዮሽ) ቁራጭ የመጠቀም ፈቃድ። ቀጣዩን ሥራ የሚያመጣው ሪሉ ነው። ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ፣ ሙዚቃ ላይ የተደረደረ ድሮን አይሁን፤ ከአንድ ትዕይንት ተከታታይ አራት አምስት ሾት ይታይበት። ዳይሬክተር የሚፈልገው ብርሃንሽ ከሾት ወደ ሾት መገጣጠሙን ማየት ነው።

ፎከስ ፑለር ከየት ይገኛል ካልሽ፣ ሲኒማቶግራፈሩ አብርሃም ኃይሌ ብሩ ከመሠረተው ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ የወጡ ልጆችን ጠይቂ፤ ርቀትን በሜትር መለካት የተማረ ሰው ሙከራው ላይ በግማሽ ቀን ይታወቃል።

ብርሃን_ዘአዲስ

እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር። ለቅሶው ትዕይንት እኩለ ቀን ላይ ደጅ ድንኳን ሥር ነው፤ በሌላ ቀረጻ ጥቁር ልብስ ቡናማ ሲሆን አይቻለሁ፣ ምክንያቱ ምንድነው? ደግሞ መብራት ቢሄድ የተባለልን ጀነሬተር ባለ 2 ኪሎ ዋት ነው፣ ይችላል?

ጥላ_ቆጣሪ

ቡናማው የኤንዲ ፊልተር (ሌንስ ላይ የሚገባ ብርሃን ቀናሽ መስታወት) ጣጣ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በ800፣ በ1/50፣ ኤፍ 4 ላይ ለመቆየት 8 ስቶፕ ኤንዲ ያስፈልጋል፤ በ400 ኢአይ 7። ኤፍኤክስ 3 ውስጡ ኤንዲ የለውም። ተራው ፊልተር የሚታየውን ብርሃን ሲቀንስ ኢንፍራሬዱን (ዓይን የማያየውን ጨረር) ይለቀዋል፤ ሰው ሠራሽ ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ኢንፍራሬድን ያንጸባርቃል፣ ስለዚህ ወደ ቡናማና ሐምራዊ ይሄዳል። ሱፍ ኮቱ ጥቁር ሆኖ ጎኑ ያለው የፖሊስተር ቀሚስ ብቻ ስለሚቀየር ግሬዲንግ ላይም አይያዝም። አይአር ኤንዲ የሚል ፊልተር ተከራዪ። ተለዋዋጩ ኤንዲ ጥግ ላይ ሲደርስ ሰማዩ ላይ የመስቀል ጥላ ይሠራል፤ ለዚህ ትዕይንት ይቅር። ድንኳኑ ሥር ግን ከውጭው ሦስት አራት ስቶፕ ስለሚጨልም ኤንዲው ይቀንሳል። ዋናው ሥራሽ ከድንኳኑ ጀርባ የሚታየውን ፀሐይ የመታው ግቢ ከፍሬም ማስወጣት ወይም የድንኳኑን ጀርባ መዝጋት ነው። ዜብራውን (ከልክ በላይ የደመቀውን ቦታ በመስመሮች የሚያሳየውን) 94 ላይ አድርጊና ግቢውን በእሱ ፈትሺ።

ሦስት_ፌዝ

ስለ ጀነሬተሩ እኔ ልመልስ። ኢንቨርተር ነው ተራ? ተራው ጀነሬተር 50 ኸርዝ የሚሰጠው ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ነው፤ ጭነት ሲጨመርበት ዙሩ ይወርዳል፣ ኸርዙም ይወርዳል፣ 1/50 ያላችሁት ሻተር ከቤቱ አምፖሎች ጋር መገጣጠሙ ይቀራል። ኢንቨርተሩ ድግግሞሹን ራሱ ስለሚሠራ ይህ ችግር የለበትም፣ ድምፁም ያንሳል።

አቅሙን በተመለከተ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3.5 በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ 2350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። 2 ኪሎ ዋት የተባለውን 1.5 አድርጋችሁ ያዙት። ሁለቱ ኤልኢዲዎች ከነኃይል ማደያቸው 700 ዋት አካባቢ ይፈጃሉ፣ ሞኒተርና የባትሪ ቻርጀር ሲጨመር ወደ 1 ኪሎ ዋት። ይችላል፤ የሻይ ማንቆርቆሪያ ከተሰካበት ግን አይችልም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥም ቢሆን 10 አምፔር ሶኬት ማለት 2200 ዋት ነው። ቤቱን ያከራዩአችሁ ሰዎች በዚያው ቆጣሪ ላይ የእንጀራ ምጣድ እንዳይጥዱ ከመቀረጻችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ፍሬም ውስጥ ያለው የጠረጴዛ አምፖል በሾቱ መሃል ይፈዛል። የክፍሉን አምፖሎች ራሳችሁ ገዝታችሁ ቀይሩ፤ ርካሹ ኤልኢዲ ፊት ላይ አረንጓዴ ይጥላል፣ ዲመር ሲገባበት ደግሞ ይርገበገባል። እያንዳንዱን በምትቀርጹበት ሻተር አንድ ደቂቃ ቅረጹና ዌቭፎርሙ ላይ መስመሩ እንደማይተነፍስ እዩ። ተጠቅላይ ኤክስቴንሽን ስትጠቀሙ ገመዱን እስከ መጨረሻው ዘርጉት፤ እንደተጠቀለለ ሙሉ ጭነት ከተጫነበት ይግላል፣ ሽፋኑም ይቀልጣል።